የጎንደር ከፍታና የአሮጌ ላንድክሩዘር ካርቡራተር፦ ምን ይቀየር፣ ምን ይተው?

ከወለቃ አልፎ ወደ ኮሶዬ በሚወጣው ዳገት ላይ የቤንዚን ፒክአፑ ሦስተኛ ማርሽ አልይዝ ሲል፣ ለባለቤቱ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ካርቡራተሩ አንሶታል፣ ተለቅ ያለ ይገጠምለት» የሚል ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ «ጄቱን ትንሽ አስፋለት፣ ነዳጅ ይጥገብ» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ሞተሩን ያባብሱበታል። ካርቡራተር ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል ነው፤ ጄት ደግሞ በውስጡ ቤንዚኑን ለክታ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን። ጎንደር ላይ የሚሠራ አሮጌ የካርቡራተር ሞተር ነዳጅ ተርፎታል፤ የጎደለው አየር ነው። እዚህ የሚያዋጣው ማሻሻያ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነው፦ ጄት ማጥበብ፣ ታይሚንግ (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ) በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም፣ ያለ ቦታው አየር የሚያሾልክ ቀዳዳ መዝጋት። ሙሉ ካርቡራተር መቀየር ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ በታች የተጻፈው በተለይ ለሁለት ሞተሮች ነው፤ በአሮጌው ላንድክሩዘር ላይ ላለው ባለ 6 ሲሊንደር 2ኤፍ (4,230 ሲሲ) እና በሃይሉክስ ላይ ላለው ባለ 4 ሲሊንደር 22አር (2,366 ሲሲ)። ሌላ መኪና ላይ ቁጥሩ ይለያይ ይሆናል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ከፍታው ምን ይሠራል?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ላይ ከሚኖረው ከአራት ሦስት እጅ ትንሽ ይበልጣል (የምለው ስለ ውቅያኖስ ዳር ነው፣ ስለ ባሕር ዳር ከተማ አይደለም)። ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው የአየር መጠን አልተቀየረም፤ የተቀየረው የዚያ አየር ክብደት ነው። ስለዚህ ከአምስት ፈረስ ጉልበት አንዱን ያህል ከፍታው ወስዶታል። ይህንን የሚመልስ ካርቡራተር የለም። ቱርቦ ይመልሰዋል፤ እሱ ግን ሌላ ሥራ፣ ሌላም ወጪ ነው።

ካርቡራተር ደግሞ የአየሩን መሳሳት በደንብ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ የሚወስደው ነዳጅ ይቀንሳል፣ ግን አየሩ በቀነሰው ልክ አይቀንስም። ውጤቱ ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ካርቡራተር ጎንደር ላይ ከሚያስፈልገው በ12 በመቶ ገደማ የበለጠ ነዳጅ ያፈሳል። ደባርቅ (2,850 ሜትር አካባቢ) ላይ 15 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ ጠዋት ላይ ቤንዚን ቤንዚን የሚል የሞተር ዘይት የሚመጡት ከዚህ ነው። የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ የፒስተኑን ፋሻም (ቀለበቱን) ያለ ጊዜው ይበላዋል።

ታዲያ ትልቅ ካርቡራተርስ? እስቲ እንደምር። 2ኤፍ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ በ3,600 ዙር ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚስበው፤ 4.23 ሊትር በሁለት ተካፍሎ በ3,600 ሲባዛ በደቂቃ 7,600 ሊትር ገደማ ይመጣል። አሮጌ ሞተር ከዚህ 80 በመቶውን ቢሞላ 6,100 ሊትር ነው፤ ካታሎግ ላይ በሚጻፈው መለኪያ 215 ሲኤፍኤም (ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ) መሆኑ ነው። 22አር በ4,800 ዙር ከ160 ሲኤፍኤም አያልፍም። የፋብሪካው ካርቡራተር ይህንን በሚገባ ያሳልፋል። ከዚያ ተልቆ የተገጠመ ካርቡራተር በጉሮሮው የሚያልፈው አየር ፍጥነት ይቀንስበታል፤ አየሩ ቀስ ካለ ደግሞ ነዳጁን ስቦ አይበትነውም፣ በጠብታ ነው የሚጥለው። 2ኤፍ ደግሞ ዳገት የሚወጣበት ጉልበቱ ያለው 1,800 ዙር አካባቢ ነው፤ ትልቅ ካርቡራተር የሚጎዳውም እዚያው ላይ ነው። «ከፍታ ስለሆነ ትልቅ ያስፈልገዋል» የሚለው ክርክር ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ በመጠን ሲለካ ጎንደርም ጅቡቲም የሚያልፈው አየር አንድ ነው።

ካርቡራተሩን ከመንካት በፊት

ካርቡራተር ላይ ከሚላከኩ ችግሮች ብዙዎቹ የሌላ ናቸው። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት ይለካ፤ በ2ኤፍ ሞተሩ ሞቆ ማስገቢያው 0.20 ሚሜ፣ ማውጫው 0.35 ሚሜ፤ በ22አር 0.20 እና 0.30። ከዚያ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ ፑንቲና (የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው) ካለው የፑንቲናው ክፍተት። እነዚህ ሳይስተካከሉ ጄት መቀየር ልምሾ እግር ላይ አዲስ ጫማ ማድረግ ነው።

የቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን መምጠጥ የሚለካው) ያለው ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በጌጁ ፊት ላይ አረንጓዴ የተቀባው ከ17 እስከ 21 ኢንች ያለው ክልል ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። ጎንደር ላይ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ከ11 እስከ 13 ኢንች ካሳየና መርፌው ካልተንቀጠቀጠ ጤነኛ ነው። ይህንን ባለማወቅ «ቫልቩ ተቃጥሏል» ተብሎ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) የወረደበት ሞተር ጥቂት አይደለም። የኮምፕሬሽን ጌጅም (የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው) እንደዚሁ ነው፤ መጽሐፉ 150 ፒኤስአይ የሚለው እዚህ 120 አካባቢ ያነባል። እዚህ ቁም ነገሩ የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት እንዳይኖር ነው። ሲለካ የነዳጅ መስጫው ሙሉ ለሙሉ ተረግጦ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ነው።

ቀጥሎ የሚሾልክ አየር። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካርቡራተሩ እግርና የማኒፎልዱ (ቅልቅሉን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) መጋጠሚያ ላይ ውኃ በመርጫ ብልቃጥ በቀጭኑ ይረጭ። ድምፁ ወይም ዙሩ ከተለወጠ እዚያ ጋር ይሾልካል። በቤንዚን እየረጩ የሚፈትሹ አሉ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው፣ ውኃው ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን የቢራቢሮው (ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ጉሮሮውን የሚከፍተው ሳህን) ዘንግ ነው። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ነው። ቀቅ ቀቅ ካለ፣ ዘንጉ የሚዞርበት የአልሙኒየም ቀዳዳ ተበልቷል ማለት ነው፤ አየር በዚያ ይገባል፣ ሚኒሞውም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ አልረጋ ይላል። ይህ በጄትም በብሎንም አይስተካከልም። ካርቡራተሩ ተፈትቶ ቶርኖ ቤት ይወሰድ፣ ቀዳዳው ተቦርቡሮ የነሐስ ቡሽ ይግባለት። ሥራው የሚፈልገው ጥንቃቄ ሁለቱ ቡሾች ቀጥ ባለ አንድ መስመር ላይ እንዲውሉ ነው፤ ካልሆነ ቢራቢሮው ይነክሳል። ዘንጉ ራሱ ተበልቶ ከሆነም እሱም ይሠራ።

ነዳጁስ ንጹሕ ነው? በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ላይ ጥርጣሬ ካለ ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ነው። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። ጋዝ ያለበት ቤንዚን ዳገት ላይ ያንኳኳል፣ ጠዋት አይነሳም፣ እኛም ካርቡራተር ስንፈታ እንውላለን። ከፓምፑ በፊት ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ ይግጠም፤ ውኃ ከታች ሲጠራቀም ያሳያል።

የፋብሪካውን ካርቡራተር ማስተካከል

ይህ ምርጫ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል ባይ ነኝ። የላንድክሩዘሩ ባለ ሁለት ጉሮሮ አይሳን ካርቡራተር ዳገትና ወጣ ገባ መሬት ላይ ብዙዎቹ ምትክ ተብለው ከሚገጠሙት በተሻለ ይችላል።

ፊት ለፊቱ ትንሽ ክብ መስታወት አለች። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የቤንዚኑ ከፍታ በመስታወቷ መካከል ላይ መታየት አለበት። ከላይ ከሆነ ተንሳፋፊው (የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው) ከፍ ብሏል፣ ወይም ቤንዚኑን የሚዘጋው መርፌ አልዘጋ ብሏል፣ ወይም የፓምፑ ግፊት በዝቷል፤ ከታች ከሆነ ተቃራኒው። መስታወቷ ቆሽሻ ካልታየች ተፈትታ ትጽዳ፣ ላስቲኳም ይቀየር፤ ከዚህች መስታወት በፊት የሚነካ ብሎን የለም። የ2ኤፍ ሜካኒካል ፓምፕ ከ3.4 እስከ 4.7 ፒኤስአይ ይሰጣል።

ሁለተኛው የኃይል ፒስተን የሚባለው ነው። የማኒፎልዱ ቫኪዩም ወደ ላይ ይዞት ይቆያል፤ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ቫኪዩሙ ይወርድና ስፕሪንጉ ፒስተኑን ወደ ታች ገፍቶ ተጨማሪ ነዳጅ ይከፍታል። አሁን ጎንደርን አስቡ። ቫኪዩሙ ከመነሻው በ7 ኢንች ያነሰ ነው። ስለዚህ ፒስተኑ ገና ሜዳ ላይ በቀላል ጭነት ይወርዳል፣ ተጨማሪው ነዳጅ መንገዱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይሄዳል። ጄት አጥብበው «ምንም ለውጥ የለም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሸወዱት። መፍትሔው ስፕሪንጉን ማለሳለስ ነው። የተገኘ ትርፍ ስፕሪንግ ላይ ግማሽ ጥምዝ ብቻ ይቆረጥ፣ ይሞከር፤ ካስፈለገ ሌላ ግማሽ። ዋናው ስፕሪንግ ሳይነካ ይቀመጥ። ፒስተኑ በቀዳዳው ውስጥ በገዛ ክብደቱ ወርዶ በጣት ሲገፋ ያለ ምንም መንከስ መመለስ አለበት፤ ዝገትና ቆሻሻ ይዞት ታች የቀረ ፒስተን አንዱ የታወቀ የነዳጅ ሌባ ነው።

ሦስተኛው ሁለተኛውን ጉሮሮ የሚከፍተው ዲያፍራም (ስስ የላስቲክ ሽፋን) ነው። በአይሳኑ ላይ ሁለተኛው ጉሮሮ በቫኪዩም ነው የሚከፈተው። ዲያፍራሙ ከተቀደደ ጉሮሮው ጨርሶ አይከፈትም፣ ሞተሩም ከ2,500 ዙር በላይ የታነቀ ይመስላል። «ካርቡራተሩ አነሰው» የተባለው ሞተር እውነትም በግማሽ ካርቡራተር ነበር የሚሄደው! ፍተሻው ቀላል ነው፤ ዲያፍራሙ ሲገፋ የቫኪዩም ቀዳዳውን በጣት ዘግቶ መልቀቅ፤ እንደተገፋ ከቆየ ደህና ነው፣ ወዲያው ከተመለሰ ተቀዷል።

ወደ ጄቱ እንምጣ። የሚያልፈውን የነዳጅ መጠን የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ስለሆነ ስፋቱ 12 በመቶ እንዲቀንስ ዲያሜትሩ 6 በመቶ ብቻ ነው መቀነስ ያለበት። 1.20 ሚሜ የነበረ 1.13 ይሆናል፣ 1.40 የነበረ 1.32። ይኼን ያህል ናት፤ ከዓይን የምታመልጥ ልዩነት። ለዚህም ነው ጄትን በመርፌና በሽቦ መቆርቆር ትልቅ ጥፋት የሚሆነው፤ የነሐሱ ጠርዝ አንዴ ከተፋቀ ቁጥሩ ላዩ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል እንጂ ጄቱ ያ ጄት አይደለም። ማጽጃው ካርቡራተር ማጠቢያና የኮምፕሬሰር አየር ብቻ ነው።

አዲስ ጄት ከመፈለግ በፊት ግን የሚሠራ ሙከራ አለ። ጋራዥ ቤት «ነዳጅ እንዲቆጥብ» እየተባለ ጄት ውስጥ የመዳብ ክር የሚከተት አለ። ክሩ እንደ ቋሚ መፍትሔ መጥፎ ነው፤ ይነቃነቃል፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ አንድ ቀን ይወጣና ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ለሙከራ ግን ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ 0.4 ሚሜ ክር በ1.20 ጄት ውስጥ ሲገባ የቀዳዳውን 11 በመቶ ይይዛል፤ ልክ 1.13 ጄት እንደተገጠመ ነው። 0.3 ሚሜ ከሆነ 6 በመቶ። ውፍረቱ በካሊበር ይለካ፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ ይታጠፍ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይነዳ። ካንዴላው መልካም ካነበበ ክሩ ወጥቶ ትክክለኛው ጄት ይገባል። ጄቱ ካልተገኘ የራሱን ትርፍ ጄት በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በልኩ ቁጥር ባለው ቀጭን መሰርሰሪያ በእጅ መብሳት ይቻላል፤ በድሪል ማሽን አይሆንም፣ ይሰፋል።

የመጀመሪያው ጉሮሮ ጄት ይቅደም። ሁለተኛው ጉሮሮ ላይ በጥንቃቄ፤ ያ የሚሠራው ሞተሩ በሙሉ ጭነት ሲሆን ነው፣ በዚያ ሰዓት ነዳጅ ያነሰው ሞተር ቫልቭ ያቃጥላል። እዚያ 3 ወይም 4 በመቶ በዲያሜትር መቀነስ ይበቃል። ነዳጅ የበዛበት ኪስ ይጎዳል፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ይገድላል፤ ጥርጣሬ ሲኖር ወደ በዛው ማድላት ነው።

ዌበር መግጠም ለሚፈልግ

የድሮው ካርቡራተር አካሉ ተሰንጥቆ ወይም እግሩ ጠሞ ከሆነ መቀየር ተገቢ ነው። ለ22አር የተለመደው ባለ 32/36 ዌበር ካርቡራተር ነው (ቁጥሮቹ የሁለቱ ጉሮሮዎች ስፋት በሚሜ ናቸው)። ለ2ኤፍ ሁለቱ ጉሮሮዎች አብረው የሚከፈቱበት 38/38 ይገጠማል። ለ2ኤፍ 32/36 የሚገጥሙም አሉ፤ ከፍ ባለ ዙር ትንሽ ያጥረዋል፣ በከተማና በዳገት ግን ነዳጁን ይቆጥባል፣ እግርንም በደንብ ይሰማል። ከጎንደር ወደ አዘዞና ወደ ቆላድባ ለሚመላለስ መኪና እኔ 32/36ን እመርጣለሁ።

አዲሱ 32/36 ብዙውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ዋና ጄት 140 እና 140 (140 ማለት 1.40 ሚሜ ነው)፣ የሚኒሞ ጄት 60 እና 50፣ የአየር ጄት 170 እና 160 ነው። ጎንደር ላይ መነሻው ዋናው 132 ወይም 135 በመጀመሪያው ጉሮሮ፣ 135 በሁለተኛው፤ የመጀመሪያው የሚኒሞ ጄት 55። የአየር ጄቱ ሳይነካ ይቆይ፤ እሱ የሚሠራው ከፍ ባለ ዙር ላይ ነው፣ አሮጌ የጭነት ሞተር ደግሞ እዚያ ብዙም አይውልም።

የሚኒሞ ጄቱ ልክ መሆኑን ብሎኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የፍጥነት ብሎኑ ማንሻውን ከነካ በኋላ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ መግባት የለበትም። የቅልቅል ብሎኑ በቀስታ እስኪነካ ተዘግቶ (ተጠብቆ ሳይሆን፣ ጫፉ ይቆረጣል) ሁለት ዙር ይከፈት። ሞተሩ ሞቆ፣ ብሎኑ በሩብ ሩብ እየተዘጋ ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ሩብ ይመለስ። ሞተሩ የሚስማማው ከአንድ ዙር በታች ላይ ከሆነ ጄቱ ትልቅ ነው፤ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ከሆነ ትንሽ ነው። የፍጥነት ብሎኑ ብዙ ከገባ ደግሞ ቢራቢሮው የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹን ይገልጣቸዋል፤ ያኔ የቅልቅል ብሎኑ ቢዘጋም ቢከፈትም ሞተሩ አይሰማውም።

የዌበር ትልቁ ጣጣ የነዳጅ ግፊት ነው። ከ2.5 እስከ 3.5 ፒኤስአይ ነው የሚችለው። የቶዮታው ፓምፕ ከዚያ ስለሚያልፍ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ መርፌው አይዘጋም፣ ሞተሩም በየመብራቱ ይሰጥማል። የድሮው የነዳጅ መመለሻ መስመር ተደፍኖ መጣሉም ትክክል አይደለም፤ ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ተደርጎ ይቆይ።

ሲገጠም አቅጣጫው ይታሰብ። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ወደ መኪናው ፊት ከዞረ፣ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ ጉሮሮው ይሮጣል፣ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያጥረዋል። ወደ ኋላ ከዞረ ዳገት ላይ ነው የሚጠማው፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት።

ገበያ ላይ የዌበርም የአይሳንም አምሳያዎች በርካሽ አሉ። ጨርሶ አትግዙ አልልም፤ ግን ሻጩ ጋ እያላችሁ እግሩን መስታወት ላይ አስቀምጡትና 0.1 ሚሜ ስፔሰር (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ጠማማ ነው፣ ጋስኬት አይሸፍነውም። ዘንጉ አዲስ ሆኖ ከተነቃነቀም ይቅር። ጄቶቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፤ በመሰርሰሪያ ዘንግ ለኩት።

ታይሚንግ

ሳሳ ያለ አየር ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የሲሊንደሩም ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጎንደር ላይ ብልጭታው ትንሽ መቅደም አለበት። 2ኤፍ በመጽሐፉ በ650 ዙር 7 ዲግሪ ነው፤ ምልክቱም በፍላይዊሉ መስኮት የምትታየው ትንሽ የብረት ኳስ ናት። እዚህ 10 ወይም 11 ዲግሪ ያለ ችግር ይይዛል። የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎና ተደፍኖ ይስተካከል፣ ከዚያ ይመለስ። ከፋብሪካው ያልተነካካ ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ከሆነ በጣት የሚዞር የኦክቴን ማስተካከያ አለው፤ ቆላ ሲወረድ በእሱ መመለስ ይቻላል።

ከጄትም ከካርቡራተርም በላይ ሾፌሩ የሚሰማው ልዩነት ይኸኛው ነው፤ ብር አያስወጣም።

ካንዴላ ማንበብ

ሞተሩ ሞቆ ከወለቃ በላይ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ረግጦ አንድ ደቂቃ ያህል መውጣት፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጦ ቁልፉን አጥፍቶ ሰፊ ዳር ላይ መቆም። ቦታው አስቀድሞ ይታይ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚለሰልሰው። በሚኒሞ እየሠራ ጋራዥ ደርሶ የወጣ ካንዴላ የሚኒሞውን ነው የሚናገረው፣ ስለ ዳገቱ ምንም አይልም። ነጩ ሸክላ የማኪያቶ ቀለም ከያዘ መልካም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከሆነ ግን ዘይት ነው፣ ካርቡራተሩን ተዉት። ጥርት ያለ ነጭ ሆኖ ላዩ ላይ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነጠብጣብ ካለው ጄቱ ጠቧል ወይም ታይሚንጉ በዝቷል፤ ወዲያው ይመለስ። ስድስቱም አንድ ዓይነት ካልሆኑና የዳርና ዳሮቹ ብቻ ከነጡ የማኒፎልዱ ጋስኬት ጫፍ ላይ ይሾልካል።

ሊማሊሞና መተማ

ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሊማሊሞን የሚወጣ የቤንዚን መኪና ዋና ጠላቱ በቱቦ ውስጥ የሚፈላ ቤንዚን ነው። ከፍታ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ጎንደር ላይ 93 አካባቢ ነው፤ ቤንዚንም እንደዚሁ ቀድሞ ይተናል። ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ወፍራም ጥቁር ማገጃ ተሰብሮ በቀጭን ጋስኬት ከተተካ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ቤንዚኑ ይወጣል። ማገጃው ይመለስ፣ የጭስ ማውጫው ላይ ያለው የቆርቆሮ ከለላ ይመለስ፣ የነዳጁ ቱቦ ከጭስ ማውጫው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። የአየር ፊልትሮው ዋናው ቤት አይጣል፤ ክፍቱ የሚያብረቀርቀው ትንሹ ፊልትሮ የሚስበው ከራዲያተር የወጣውን ትኩስ አየር ነው፣ የመተማን አቧራም ያስገባል።

መተማ 700 ሜትር አካባቢ ነው። ለጎንደር የጠበበ ጄት እዚያ ሲወርድ ከ6 እስከ 8 በመቶ ነዳጅ ያንሰዋል። ሙቀቱ አየሩን ትንሽ ስለሚያሳሳው ጉድለቱን በከፊል ይሞላል እንጂ አያጠፋውም። በ11 ዲግሪ ታይሚንግ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሰሊጥ ጭኖ የሚመለስ መኪና ማንኳኳቱ አይቀርም።

ስለዚህ ምርጫው በመንገዱ ነው። ጎንደርና ደባርቅ መካከል ብቻ የሚሠራ፣ ዌበሩ የመጀመሪያ ጉሮሮ ላይ 130 ወይም 132 ጄት ይግጠም። በወር አንዴ ሁለቴ ቆላ የሚወርድ 135 ላይ ይቁም፣ ጎንደር ላይ ጥቂት ነዳጅ ይብላ፤ ሲወርድ ታይሚንጉን ወደ 7 ይመልስ። የመኸር ወራቱን ሙሉ መተማ የሚውል ግን ሁለት ጥንድ ጄት ይያዝ። የዌበር ጄት ሽፋኑ ተነስቶ በአጭር ካቻቢቴ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይቀየራል። ሞተሩ ይብረድ፣ ጉሮሮው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን (የወደቀች ብሎን ለፒስተኑ ነው የምትደርሰው)፣ የሽፋኑ ጋስኬት እንዳይቀደድ በቀስታ ይነሳ። የወጡት ጄቶች በላያቸው 132 ወይም 140 ተብሎ በተጻፈበት ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ገብተው ከመኪናው መሣሪያ ጋር ይቀመጡ።